«እናቴን ማንም አልመዘናትም»፦ ስለ ሆስፒታል አንቲባዮቲክ መጠን ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የአስታማሚዎች ናቸው። ዘመድ ሆስፒታል አስተኝተው ቻርቱ ላይ የተጻፈውን እያዩ፣ ግን ሐኪሙን ለመጠየቅ የፈሩ ሰዎች። እኔ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። ከሐኪሞች ጋር ራውንድ እየዞርኩ የታዘዘው መድኃኒት መጠኑ ልክ መሆኑን ማየት የየዕለት ሥራዬ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ረዘም እላለሁ፤ የሌሎቹ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

«እናቴ 72 ዓመቷ ነው። በኩላሊት ኢንፌክሽን ተኝታ ጀንታማይሲን የሚባል መርፌ ታዘዘላት። ቻርቷ ላይ «ክብደት 60 ኪሎ» ይላል። ማንም ግን አልመዘናትም። ነርሷን ስጠይቃት «በግምት ነው» አለችኝ። ክሬአቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.0 ስለሆነ ኩላሊቷ ደህና ነው ተባልን። ከሆስፒታል ስትወጣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጋር አስመዘንኳት፣ 38 ኪሎ ሆነች። ይሄ ለውጥ አለው ወይስ ዝም ብዬ ነው የምጨነቀው?» (ከአዳማ)

እህቴ፣ ዝም ብለሽ አይደለም የተጨነቅሽው። ለውጥ አለው፣ ያውም ትልቅ።

ጀንታማይሲን የሚታዘዘው በኪሎ ነው። ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ በቀን አንዴ በኪሎ 5 ሚሊግራም ይሰጣል፣ እንደ ሕመሙ እስከ 7 ሊደርስ ይችላል። እስቲ በ5 አብረን እናስላው። 60 ኪሎ ከተባለ 300 ሚሊግራም ይሆናል። 38 ኪሎ ከሆነ 190። ሐኪሙ በ60 አስልቶ ከሆነ እናትሽ በየቀኑ 110 ሚሊግራም ትርፍ ወስዳለች ማለት ነው።

በዚህ ብቻ አያበቃም። ጀንታማይሲን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያጣራ ስናሰላ ደግሞ ያው ክብደት እንደገና ይገባል። የምንጠቀምበት ቀመር ኮክክሮፍት እና ጎልት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳ ውስጥ ያወጡት ነው። ከ140 ላይ ዕድሜዋን ትቀንሻለሽ። የቀረውን በክብደቷ ታበዢዋለሽ። ከዚያ 72ን (ዕድሜዋ ሳይሆን የቀመሩ ቋሚ ቁጥር ነው) በክሬአቲኒኗ አባዝተሽ ለሱ ታካፍያለሽ። ሴት ስለሆነች በመጨረሻ በ0.85 ታበዢዋለሽ። ለእናትሽ በ60 ኪሎ ሲሰላ በደቂቃ 48 ሚሊ ሊትር ይመጣል። በ38 ኪሎ ግን 30 ብቻ ነው። በ48 እና በ30 መካከል መርፌውን በየስንት ሰዓቱ እንስጥ የሚለው ውሳኔ ራሱ ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ያልተመዘነ ቁጥር ሁለት ቦታ አሳሳተ፤ መጠኑ ላይም፣ ሰዓቱ ላይም።

«ክሬአቲኒን 1.0 ነው፣ ደህና ናት» የሚለውም ብቻውን አያስተማምንም። ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ጡንቻዋ ያለቀ ትልቅ ሰው ኩላሊቷ ቢደክምም እንኳ ቁጥሩ ከፍ ላይል ይችላል። ቀመሩ ራሱ የተሠራው 249 ወንዶች ላይ ነው፣ ያ የሴቶች 0.85 በግምት የተጨመረ ነው። እንደዛም ሆኖ ከምንም ይሻላል፤ ግን ትክክለኛ ክብደት ካልሰጠነው እሱም ይዋሻል።

አሁን የማስጨንቅሽ መስሎ እንዳይሰማሽ። ጥቂት ቀን ብቻ ወስዳ ከሆነና ሽንቷ፣ መስማቷ፣ አረማመዷ እንደ ድሮው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ይሄ መድኃኒት ሲበዛ የሚጎዳው ኩላሊትንና የውስጥ ጆሮን ነው። ጆሮዋ ውስጥ ጩኸት ካለ፣ ስትቆም የምትንገዳገድ ከሆነ፣ ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃት። እንደዛ ባይኖርም ክሬአቲኒኗን አንዴ ማስደገም አይከፋም።

ለሥራ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ሆስፒታል ሚዛን ይዤ ከአልጋ አልጋ ዞሬያለሁ። ቻርቱን ስገልጥ «60»፣ ቀጥሎ «60»፣ ቀጥሎም «60»። ጥግ ላይ የተኙት እናት ጋ ስደርስ ልጃቸው አቅፎ ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ብቻውን ወጣ፣ ቀነስነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እናቱ ያን ያህል መክሳታቸውን እስከዚያች ደቂቃ አላወቀም ነበር። የዚያን ቀን የቀየርነው መጠን ብዙ ነው። የቀነስንላቸው አሉ፣ የጨመርንላቸውም አሉ፤ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ60 ሲታከም መድኃኒቱ ያንሰዋል፣ ባክቴሪያውም አይሞትም።

የሕክምና መመሪያዎቻችን ሲሻሻሉ ሁልጊዜ ስለ አዲስ መድኃኒት እናወራለን። እኔ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ማዘዣው ላይ አንድ ሣጥን ነው፦ ክብደት፣ ከጎኑ «የተመዘነ» ወይስ «የተገመተ»። ያ ሣጥን ባዶ ከሆነ ፋርማሲው መልሶ ይደውል።

«አባቴ ለሳንባ ምች ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም ጠዋትና ማታ ይወጋ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም መጥታ በቀን አንዴ አደረገችው። መድኃኒቱን ከውጭ ፋርማሲ የምንገዛው እኛ ነን፣ ስለዚህ አልቆባቸው ነው ማለት አይቻልም። አባቴን ችላ ብለውት ይሆን?» (ከደሴ)

የለም ወንድሜ፣ እንዲያውም በደንብ አስባለታለች። ሴፍትሪያክሶን ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ነው። መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ለብዙ ሕመሞች፣ የሳንባ ምችንም ጨምሮ፣ በቀን አንዴ 1 ወይም 2 ግራም ይበቃል። ማታ ማታ መወጋቱ ለአባትህ የጨመረለት ነገር የመርፌ ሕመም፣ የካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚተከለው ቱቦ) መቁሰልና የእናንተ ወጪ ነው። ዋናው ልዩነት ማጅራት ገትር ነው። እዚያ መድኃኒቱ አንጎልን ወደከበበው ፈሳሽ መግባት ስላለበት 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል፣ ያንን ማንም እንዳይቀንስባችሁ።

«ታዲያ ሁሉም በቀን አንዴ ይሁን» ግን አይባልም። የፔኒሲሊን ዘመዶች ብዙዎቹ ቶሎ ይወጣሉ። ይሄን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ እ.ኤ.አ. በ1941 ኦክስፎርድ ውስጥ የታከመው ፖሊስ አልበርት አሌክሳንደር ነው። ፔኒሲሊን ከተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነበር። መድኃኒቱ በጣም ጥቂት ስለነበር፣ ኩላሊቱም ቶሎ ቶሎ ስለሚያወጣው፣ ሐኪሞቹ ሽንቱን እየሰበሰቡ ፔኒሲሊኑን መልሰው ያጣሩለት ነበር። ዳነ ሲባል መድኃኒቱ አለቀ፣ ሕመሙ ተመለሰ፣ መጋቢት ላይ ሞተ። እንግዲህ ክሎክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን በየ6 ሰዓቱ ሲባል የሌሊቱ መርፌ እንዳይዘለል አደራ የምንለው ለዚህ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያውን የሚገድሉት በብዛታቸው ሳይሆን ሳይቋረጡ በመቆየታቸው ነው። ጀንታማይሲን ተቃራኒው ነው፣ አንዴ በኃይል ይመታና ያርፋል።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚህም አልፎ መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጡ በማሽን ማንጠባጠብ ይሻል እንደሆነ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የወጣው ብሊንግ 3 የተባለው ጥናት ከ7,000 በላይ ታካሚዎችን አካቷል። በተከታታይ ከተንጠባጠበላቸው 24.9 በመቶ፣ በተወሰነ ሰዓት ልዩነት እየተቆራረጠ ከተሰጣቸው 26.8 በመቶ በ90 ቀን ውስጥ ሞቱ። ልዩነቱ ብቻውን በስታቲስቲክስ ማረጋገጫ ለመሆን አልበቃም። ከሌሎች ጥናቶች ጋር ሲደመር ግን ወደ ተከታታዩ ያደላል። ለእኛ ማሽኑ በየአልጋው ስለሌለ፣ ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት ብቻውን ትልቅ ሕክምና ነው እላለሁ።

ስለ ሴፍትሪያክሶን አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ይያዙ ካላቸው አንቲባዮቲኮች ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ ግን ለሁሉም ነገር ይወጋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስቶች ከሐኪሞች ጋር ሆነው የታዘዙ አንቲባዮቲኮችን አንድ በአንድ የገመገሙበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ከታዘዙት ግማሽ ያህሉ አላስፈላጊ ሆነው ተገኙ። ግምገማው ሲቆም የመድኃኒቱ አጠቃቀም፣ ሰዎች ተኝተው የሚቆዩበት ቀን፣ ሞቱም ጭምር ከፍ አለ። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ያች ወጣት ሐኪም በየዋርዱ በኖረች እላለሁ።

«ነርስ ነኝ። ፋታ ስላልነበረን ቫንኮማይሲን 1 ግራም በ15 ደቂቃ ሰጠን። ታካሚው ፊቱና አንገቱ ቀላ፣ አሳከከው። ቻርቱ ላይ «አለርጂ» ተብሎ በቀይ ተጻፈ። ሌላው፣ ዋርዳችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ትራፍ ከ15 እስከ 20 ይሁን ይላል፣ እኛ ጋ ግን ምርመራው የለም። ምን እናድርግ?» (ከጎንደር)

ሲስተር፣ በግልጽ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ቦታ የሚሆን ነገር ነው፣ የሚናገረው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የገለጹልኝ የፍጥነቱ ውጤት ይመስላል። ቫንኮማይሲን ቶሎ ሲገባ ሰውነት ሂስታሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለቅና ሰውየው ይቀላል፣ ያሳክከዋል። መተንፈስ ካልከበደው፣ ደም ግፊቱ ካልወረደ፣ ፊቱ ካላበጠ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አይደለም። አቁሞ፣ ሲረጋጋ ቀስ ብሎ መቀጠል ይቻላል። ልኩ በደቂቃ ከ10 ሚሊግራም አለማለፍ ነው፣ ስለዚህ 1 ግራም ወደ 100 ደቂቃ ይፈልጋል። ፓምፕ ከሌለ በ250 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ወይም ሳላይን በጥብጡትና፣ መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ በደቂቃ 50 ጠብታ ይቁጠሩ። ያ ቀይ ጽሑፍ ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ይታረም እባካችሁ። «አለርጂ» ተብሎ ከቀረ፣ ያ ሰው ነገ ቫንኮማይሲን ሲያስፈልገው ይከለከላል፣ ወይም አቅሙ የማይችለውን ግዛ ይባላል።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አርጅቷል። ከ15 እስከ 20 የሚለው እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ምክር ነው። «ትራፍ» ማለት ቀጣዩ መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ደም ውስጥ የቀረው መጠን ነው። ሐኪሞች ያንን ቁጥር ለማግኘት መጠኑን ከፍ ሲያደርጉ የብዙ ሰው ኩላሊት ተጎዳ። በ2020 መመሪያው ተሻሻለ። ለከባድ ኤምአርኤስኤ (ብዙ አንቲባዮቲኮችን የተላመደ የስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ) ኢንፌክሽን አሁን የሚታየው በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ በጠቅላላ ያገኘው መድኃኒት ነው፣ ከ400 እስከ 600 መካከል እንዲሆን። ይሄን ለማወቅ የደም ምርመራና ስሌት ይጠይቃል። ምርመራ ከሌለ ግን 15ን እና 20ን ማሳደድ ትርጉም የለውም፣ ወረቀቱን አውርዱት።

ያለ ምርመራስ? መመዘን። በተመዘነው ኪሎ ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም፣ ኩላሊቱ ደህና ከሆነ በየ8 ወይም በየ12 ሰዓቱ፣ ደከም ካለ ሐኪሙ ያራዝመዋል። ክሬአቲኒን ቢያንስ በየሁለት ቀኑ፣ የሽንት መጠን በየቀኑ። የኩላሊቱ ቁጥር ከፍ ማለት ከጀመረ ቀጣዩን መርፌ ከመስጠትዎ በፊት ሐኪሙን ይጥሩ። ጀንታማይሲንም አብሮ ካለ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይጠንቀቁ። ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ልካችሁ ኤምአርኤስኤ ካልተገኘ መድኃኒቱ እንዲቆም ይጠይቁ፣ መጠየቅ የነርስም ሥራ ነው።

«አባቴ እዚህ ሜሪላንድ ሆስፒታል ተኝቶ ሴፌፒም የሚባል አንቲባዮቲክ ሲወስድ መቀባዠር ጀመረ። በአማርኛም አልገባው አለ። ዕድሜው 81፣ ክብደቱ 58 ኪሎ፣ ክሬአቲኒኑ 1.4 ነው። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ደውላ መጠኑን አስቀነሰች። እኛ ልጆቹ ኢንሹራንሱ ስላልሸፈነው ነው ብለን ተጣላን። ተሳስተን ይሆን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አዎ ተሳስታችኋል፣ ግን አባታችሁ በሌላ ቋንቋ በሚታከምበት አገር እንደዛ ማሰባችሁ ይገባኛል። ከላይ ለአዳማዋ እህቴ ያሳየሁትን ቀመር አስገባበት፦ 59 በ58 ተባዝቶ ለ100.8 ሲካፈል 34 ይሆናል። ሴፌፒም ለከባድ ሕመም 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ከ30 እስከ 60 ላይ ላለ ኩላሊት ግን በየ12 ሰዓቱ እንዲሆን የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ ያዛል። ካልተቀነሰ ይጠራቀምና አንጎልን ያውካል፤ መቀባዠር፣ መደንዘዝ፣ አንዳንዴም ሳይንቀጠቀጡ የሚመጣ የሚጥል በሽታ ዓይነት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ያች ፋርማሲስት አባትህን ረድታለች። ሄደህ አመስግናት።

አንተ ደግሞ ማንም ሊያደርገው የማይችለውን አድርገሃል። «በአማርኛም አልገባው አለ» የሚለውን ለሐኪሙ መናገር የምትችለው አንተ ነህ። አስተርጓሚ በስልክ የሚሰማው ሰው ግራ መጋባቱን ከቋንቋ ችግር ላይለየው ይችላል። የአባትህ ንግግር ከትናንት የተለየ ከሆነ ሳትጠየቅ ተናገር።

ሌላው ወገን እንዳይረሳ፦ ታካሚ ገና በገባበት ቀን ኩላሊቱ ሲደክም ቶሎ መቀነስም አደጋ አለው። በብዙ ሰው ላይ ያ ድካም ፈሳሽ ሲሰጠው በሁለት ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ኢንፌክሽኑ በሚያይልበት ሰዓት ደግሞ መድኃኒቱ ያንሰዋል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ጉዳታቸው ለማይከብድ መድኃኒቶች የመጀመሪያውን 48 ሰዓት ሙሉውን ሰጥተው ከዚያ ያስተካክላሉ። መጠን አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ በየቀኑ ራውንድ ላይ እንደገና ይታያል።

«ደሜ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኝቶ 14 ቀን ተባልኩ፣ ከዚያ ሌላ ሐኪም በ7 ቀን ይበቃል አለ። አንቲባዮቲክ ጀምሮ ማቋረጥ አይቻልም አይደል የሚባለው?» (ከባሕር ዳር)

በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አይቻልም። ሐኪም ቀኑን ሲያሳጥር ግን ማቋረጥ አይደለም፣ መጨረስ ነው። 7 እና 14 የመጡት በብዛት ሳምንት ለመቁጠር ስለሚመች እንጂ ባክቴሪያ ሳምንት ስለሚያውቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባላንስ የተባለ ጥናት በ7 አገር ባሉ 74 ሆስፒታሎች 3,608 ታካሚዎችን አወዳድሯል። 7 ቀን ከታከሙት 14.5 በመቶ፣ 14 ቀን ከታከሙት 16.1 በመቶ በ90 ቀን ውስጥ ሞተዋል፣ ማለትም አጭሩ ከረጅሙ አላነሰም። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ በጣም የተዳከመ የበሽታ መከላከያ ያላቸው ሰዎች ግን እዚህ ውስጥ አይካተቱም። ያንተ የትኛው ባክቴሪያ እንደነበር ጠይቅ። ትኩሳትህ ከጠፋና ከእነዚህ ካልሆንክ ሁለተኛው ሐኪም ጥሩ ምክንያት አለው።

«አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ መርፌው ቀርቶ ክኒን ሰጡት። ክኒን ደካማ አይደለም? ብልቃጡ ላይ በ8 ሰዓት ይላል፣ እሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው የሚውጠው።» (ያው የሲልቨር ስፕሪንጉ ጠያቂ)

ክኒን ደካማ አይደለም። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች፣ ለምሳሌ ሜትሮኒዳዞልና ሊኔዞሊድ፣ ሲዋጡ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ደም ውስጥ ይገባሉ። መብላትና መጠጣት ከቻለ፣ ትኩሳቱም ከወረደ ካኑላውን ማውጣት ራሱ ሌላ ኢንፌክሽን ይከላከላል።

ሰዓቱ ግን አሳሰበኝ። አባትህ 8 ሰዓት ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ብልቃጡ የሚለው የጠዋቱን 2 ሰዓት ነው። የጠዋቱን ከሰዓት በኋላ ከዋጠ በኋላ የማታውን አንተ በጊዜው ከሰጠኸው፣ ሁለቱ በ6 ሰዓት ልዩነት ይመጡና ከዚያ 18 ሰዓት ባዶ ይቀራል። ዛሬ ማታ ብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፍና በትልልቁ በአማርኛ ጻፍለት፦ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት»።